ደቻቱ በበጋ

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ ከቀፊራ ማዶ፣
የታመመ ድምፅ ሁሉ ይመጣል ማልዶ።
ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ድሬ ስትዘጋ፣
ፀሐይ ቆርቆሮዬን በጦር ስትወጋ፣
እነ ረቢዕ ይመጣሉ ጫታቸውን ይዘው፣
"አቦ ሎንዶንን ክፈታት!" ብለው አዘው።
የቅርብ ሹም ሲታማ ጆሮ አለው ግድግዳ፣
የእንግሊዝ ሹም ቢታማ ማን አለ 'ሚጎዳ?

ያን ዕለት ዜናው ላይ ሕዝቡ ተጠየቀ፤
"መሪያችሁ እንዴት ነው?" አንድ ሽማግሌ ከት ብሎ ሳቀ፦
"አይሰርቅም፣ አይዋሽም፤ ፊቱ ግን የታሸገ ደብዳቤ፣
አብሬው ሻይ ልጠጣ አላለኝም ልቤ።"
"ያኛውስ?" ቢሉት ጊዜ፣ "እሱማ ይዋሻል፣
ግን ውሸቱ ጣፋጭ፣ ሐዘን ያሸሻል።"

ረቢዕ ቅጠል ቀንጥሶ ፍርዱን ሰጠ ወዲያው፦
"የሚስቅ ሰው ይግዛን፣ የሚስቅ ሰው ይግዛ፣
ኩርፊያን በግብራችን ለምን እንግዛ?"
ወርቅአገኘሁ ተቆጣ፣ የምድር ባቡሩ ጡረተኛ፦
"ባቡር ነጂ ስንቀጥር ጥርሱን ነው ያየነው እኛ?
ፍሬኑን ይወቅ እንጂ! ሳቅማ ለዝንጀሮ ሞልቷል በኤረር ሜዳ።"
ጉሌድ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ፦ "ጨዋነትም ልብስ ነው፣ ይሰፋል ለእንግዳ፤
እኔ ልኩን የወሰድኩለት ጨዋ ስንት አለ፣
ቤቱ ሲገባ አውልቆ ሚስማር ላይ የሰቀለ።"

እኔ ዝም አልኩ።
ሬዲዮ ጥርስ የለው፣ ግንባር የለው፣ ቅንድብ የለው፣
ፊቱን ለኔ ተወው፤ እኔ ነኝ የምስለው።
የሳልኩት ግን የሎንዶን አልሆነም፤ ከዚሁ ሰፈር ሆነ።

አቶ አዩብ ነበር የቀበሌያችን ሹም፣
ሰላምታው ሳል ነበር፣ ሠርግ ላይ አይቀምስም፤
ጉቦ ቢያቀርቡለት እጁን ያራግፋል፣
ምስጋና ቢሰጡት ደሞ ያኮርፋል።
"ከደቻቱ ዳር ተነሡ!" ብሎ ሱቄን ቀጣ፣
ደረሰኝ ቆረጠ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ።
ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል፣
አርባ ሦስት ፊርማ፣ ዛሬም ጣቴ ይቆጥራል።

አሰግድ ተተካ። የልጆቻችንን ስም ከነቅጽሉ ያውቃል፣
ከሚያለቅስ ያለቅሳል፣ ከሚስቅ ጋር ይስቃል።
"አይዟችሁ፣ ደቻቱ ዘመድ ነው፤ ዘመድ መች ይከዳል?"
እውነትም በበጋ ደቻቱ ይወደዳል፤
አሸዋው ላይ ኳስ አለ፣ ፍየል አለ፣ ሰልባጅ ተዘርግቷል፣
የሚስቅ ወንዝ ነው፤ ውኃውን ግን ከተራራው ጀርባ ትቷል።

ያን ሌሊት ሲመጣ ስም አልጠራም፣ ዘመድ አልለየም።
በር ሲደበደብ ሰማሁ፤ የባትሪ ብርሃን፣ ሳል፣ ስድብ፦
"ውጡ እናንተ ደንቆሮዎች! አላልኳችሁም?"
አዩብ ነው። ከሹመት ከወረደ ዓመቱ፤
በሽርጥ፣ በባዶ እግሩ፣ በር ለበር።
ልጄን ከእጄ ነጥቆ ወደ ዳገቱ ሲሮጥ እንኳ
አይዞህ አላለኝም።

አሰግድ በማግሥቱ መጣ። ሦስት ቀን አብሮን አለቀሰ፣
እንባው እውነት ነበር፤ ኮቱን አውልቆ የጎረቤቴን አስከሬን አለበሰ።
ይህንንስ የት ልጣለው?

"አንተስ ምን ትላለህ?" አለኝ ረቢዕ፣ ጉንጩን ወጥሮ እያየኝ፣
ምን ልበል? እውነቱን ላውራ፣ እፍረቱ ካልገደለኝ፦
ዛሬ ሁለቱም ቢመጡ፣ ወንበሬን ስቤ የማስቀምጠው አሰግድን ነው፤
ቀልዱን ልሰማ፣ ስሜን ሲጠራኝ ልሙቅ።
ወንበሬን ነው ያልኩት። ድምፄን አላልኩም።
ድምፅ ስጠግን ኖሬ የራሴን አንዴ ሰጥቼ አይቻለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ የአዩብ ባትሪ አለ፤ ትናንት ጥሎት ሄደ፣
"ለክረምት ይድረስ" ብሎ፣ በዋጋ ተከራክሮ፣ እንዳጨፈገገ ወረደ።
ሎንዶን ገና ታወራለች። ድምጿን ቀነስ አደረግሁና
አምፖሉን ፈትቼ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት።