የቧንቧው ሳል

ከሌሊቱ ዘጠኝ ቧንቧው ሲያስል ነቃሁ፤
ደግሞስ መች ተኛሁ? ጋደም ብዬ ነው የቆየሁ።
መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎም ዝገት፣
ከዚያ ትን እንዳለው ሕፃን ዝም ማለት፣
ከዚያ ውሃ።
በአሥራ ሁለት ቀኑ። እሰይ፣ እንኳን መጣህ።
ከአንገረብ ተነሥቶ የኛን ዳገት እስኪወጣ
እሱም እንደኔ ነው፣ ቀድሞ ትንፋሹ ነው የሚመጣ።

ጉልበቴን በእጄ ደግፌ ተነሣሁ።
ቀኙ እሺ ይለኛል፤ ግራው ግን ሹም ሆኗል፣
እጅ መንሻ ካላየ መች ይታዘዘኛል።
ቅባት ቀባሁለት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣
በስተመጨረሻ ከደጅ ደረስን፣ እየጎተትኩት።

ጀሪካኖቹ ቆመዋል በረድፍ፣
እንደ ተማሪ ሰልፍ።
ዘጠኝ ናቸው።
«ለሁለት ሰው ዘጠኝ ምን ያደርጋል?» ይላሉ ጎረቤቶቼ።
ይበሉ። እነሱ የሚያዩት ላስቲክ ነው።

ያ አንገቱ በእሳት የቀለጠው የፈንታሁን ነው፣ የባሌ፤
አራዳ በረንዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ሲንጀር የረገጠ።
ለእግሩ መታጠቢያ እንኳ ውሃ በስንዝር ይለካ ነበር፣ እንደ ጨርቅ፣
አንድ ጣት ቢተርፍ ለነገ የሚያስቀምጥ።
ሰውየው ሄደ፤ ጀሪካኑ አለ።
ይህን ሁሉ ዕድሜ ለላስቲክ ማን አደለ?
እሱን አስቀድሜ ሞላሁት። ቅናት ነበረበት።

ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የታሰረው የአጉማስ ነው፣ የበኩሬ።
ባሕር ዳር ከትሟል። «ነይ እማዬ፣ እዚህ ውሃ አይጠፋም» ይላል።
ሄጄ ነበር አንድ ክረምት፤ እውነቱን ነው፣
ቧንቧውን ስነካው ይወርዳል።
ምራቴ ደግ፣ አልጋው ለስላሳ፣ ሥጋው ብዙ፤
ግን ሌሊት የምነሣለት ነገር አልነበረም።
ምንም ሳልጠብቅ መሸ፣ ምንም ሳልጠብቅ ነጋ፤
ያኔ ነው ማርጀቴን ያወቅሁት፣
ከዚያ በፊትማ አሮጊት አልነበርኩም።

ትንሿ፣ ባለ አምስት ሊትሯ፣ የስንዱ ናት።
በሰባት ዓመቷ ከቀሃ ስትመለስ
ግማሹ ቀሚሷ ላይ፣ ግማሹ መንገድ ላይ፣
«ሞልቼ ነበር» ትለኛለች፣ እንባዋ በጉንጯ ሲፈስ።
ካደገች በኋላ፣ ስላገባችው ሰው አንድ ቃል አመለጠኝ።
አንድ። ስድስት ዓመት ዘጋችኝ።
«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላል ሰው፤
ቧንቧ የማይቋረጥበት አገር የኖረ ይሆናል ይህን ያለው።
እኔ አፍሳለሁ! በጨርቅ አስጠጥቼ፣ በባልዲ ጨምቄ፣
ወለሉን አድርቄ
ለጤናዳሜ አጠጣለሁ። እስካሁን አልሞተችም።

የሌሎቹን ስም አልጠራም፤
አንዳንዱን ሲጠሩት ያምማል።

ስንዱም አልታረቀችኝም፤ ግን ልጇን ላከችልኝ፣
«ማራኪ ልትማር ነው፣ ማደሪያ ስጫት» ብላ በሰው አፍ።
በሰው አፍም ቢሆን።
ይኸው ሶልያና ብርድ ልብስ ተከናንባ ወጣች፣
በስልኳ መብራት ዓይኔን ወጋችኝ፣
«እማማ፣ ግቢ፣ ይበርድሻል» አለች፤
ጎማውን ከእጄ ነጥቃ በአውራ ጣቷ ጫን፣
ውሃው እንዳይረጭ አንገቱን ዘንበል።
ማን አሳያት? እኔ አይደለሁም።
እናቷ በሰባት ዓመቷ ልክ እንዲህ ነበር የምትይዘው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ኮከብ ሞልቶ
የሥላሴን ጣራ አስታወሰኝ፤ እነዚያ የመላእክት ፊቶች፣
አንዱም ዓይኑን አይከድን።
ልጅ ሳለሁ እፈራቸው ነበር።
አሁን ሳስበው፣ እነሱም እንደኛ
ውሃ ሲጠብቁ ያደሩ ይሆናሉ።

ዘጠነኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቧንቧው አንዴ ሳለ፤
ቀጥ አለ።
«ይሄኛውስ የማን ነው እማማ?» አለችኝ ልጅቱ።
የእኔ ነው።
«አልሞላልሽም እኮ!»
ተይው ልጄ፤ ግማሹ ይበቃል፣
ሙሉውን ማን ያነሣዋል።