ኮከብ ቆጣሪ፣ ብሎክ 214

ቀን ቀን ስፌት አያለሁ፤
ቦሌ ለሚ፣ ሦስተኛው መስመር፣ ከነጭ መብራት ሥር እቆማለሁ።
ሸሚዙ ይመጣል፣ ሸሚዙ ያልፋል፤
ከሺህ ክር መሀል አንዷ ስትስት ዓይኔ ከኔ ቀድሞ ያውቃል።
ቀይ ወረቀት አለችኝ፤ እንከኑ ላይ እለጥፋለሁ፤
ሲመሽ በሰርቪስ፣ እያንቀላፋሁ፣ ኮዬ ፈጬ እገባለሁ።

አራተኛ ፎቅ ነኝ። ውኃው በወረፋ፣
መብራቱ እንደ ልቡ፤ ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚጠፋ።
የጠፋ ለታ ግን፣
ያ ሁሉ ብሎክ ባንዴ ዓይኑን ሲከድን፣
የቱሉ ዲምቱ ጨለማ ሜዳውን አቋርጦ በረንዳዬ ሲደርስ፣
ሰማይ ዝቅ ይላል፤ ከተሰጣው አንሶላ በላይ፣ እስኪዳሰስ።

ነገሩን ያመጣው የእህቴ ልጅ ኦብሳ ነው፤
«አክስቴ፣ ዓይን ይፈልጋሉ» አለኝ፣ «ያንቺ ዓይን ደግሞ ልዩ ነው።
ዲግሪ አይጠይቁም። ቴሌስኮፑ የራሳቸው፤
ፎቶው እንደ ጉድ በዛ፣ የሚያየው ሰው አነሳቸው።»

አራት ፎቶ ይልካሉ፣ ከአንድ የሰማይ ቁራጭ፣
ግራጫ ሰፌድ ላይ የተዘራ ጤፍ፣ ነጭ በነጭ።
አንዱን ባንዱ ላይ እያፈራረቅሁ አያለሁ፤
ኮከብ ቤቱን አይለቅም፤ ኮከቡን አልፈዋለሁ።
የምፈልጋት ነቁጥ መንገደኛ ናት፤
አራቴ ታይታ፣ አራቴ ቦታ የለወጠች፣ መስመሯ ቀጥ ያለላት።
ሁለቴ ታይታ ከቀረች፣ የካሜራው ትቢያ ናት፤
ሦስት ወር ሙሉ ትቢያ ለቀምኩ፣ ሌሊት በሌሊት።

ፎቶው እንኳ መብራት ኖረ አልኖረ ያው ነው፤
እኔ ግን ቀና ብዬ ከእውነተኛው ጋር ማስተያየት ነው የምወደው።

እትዬ ዘርፌ ከጎን በር ሰምተው፣
ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
«ኮከብ ቆጣሪ ሆነሻል አሉ። አደራ፣ ለሰው አይነገር፤
ስሜ ዘርፌ፣ የእናቴ አመለወርቅ፤ እስቲ ደምሪው፣ የልጄን የቤት ዕጣ ነገር…»
አልሳቅሁም። በርጩማ ሰጠኋቸው።
«እትዬ፣ የኔዎቹ የእናት ስም የላቸው፤
በቁጥር ነው የሚጠሩ። ዕጣም አያወጡ።»
«ታዲያ ምን ይሠራሉ?»
«ይሄዳሉ።» ዝም ብለው ተቀመጡ።

አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ፣ «ያችስ?» አሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው።
«እሷ ከዱባይ ናት» አልኩ፤ ሳቁ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው።

ስልኩን ተቀበሉኝ። ቃሊቲ መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት
ቦሎቄ የለቀሙ ሴት፤
ነቀዝ የነካውን ከደህናው በጨረፍታ የሚለዩ።
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሲያዩ፣ ሲያዩ፣
«ይቺ» አሉ።
«ይቺ ሄደች።»

ጥግ ላይ ነበረች፤ ሁለቴ ያለፍኳት፣
ከደማቅ ኮከብ ጎን የተሸጎጠች ደብዛዛ ብናኝ ናት።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ባትሪዬ ዘጠኝ በመቶ። ኔትወርኩ አንድ ሰረዝ።
ላክሁት። መድረሱን ሳላውቅ ስልኩ ጠፋ፤ ቀረን በብርዱ ስንፈዝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ።
አዲስ አይደለችም። ከስድስት ዓመት በፊት ሰው አይቷት፣
ጉዞዋን ለክቶ ሳይጨርስ ጠፍታበት ነበር። አሁን አራት ነጥብ ተጨመረላት፤
የት እንደምትውል፣ የት እንደምታድር እንዲሰላላት።
ስማችን አልወጣላትም። ፊደልና ቁጥር ናት።

አነበብኩላቸው፤ ቅር እንዳይላቸው ፈርቼ።
«እንግዲህ ድንጋይ ናት?»
«ድንጋይ ናት።»
«ምን ታክላለች?»
«ይህን ሰፈር ብታክል ነው።»
«ሰፈር የሚያህል ነገር እንዴት ይጠፋል?» አሉ፤
ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው፣ «ይጠፋል እንጂ፤ የሚያየው ካላገኘ» አሉ።

ስለ ዕጣው ዳግም አላነሱም።
ትናንት ሌሊት፣ ብሎኩ ሁሉ መብራት ኃይልን ሲረግም፣
በሬ ተንኳኳ፤
በርጩማቸውን ይዘው ቆመዋል፣ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ።
«ጠፋ እኮ» አሉኝ።
«ዛሬ አንሠራም እንዴ?»