በመልሱ

አባቴ ሜንግ ጓንግታይ፣ የናሊያንግ ባለ ታንኳ፣
አርባ ዓመት ቀዘፈ፣ ውሃውን በክንዱ እየለካ።
አሳማ አሻገረ፣ ሙሽራ አሻገረ፣
የጎረቤት ሬሳ ሲያሻግር አደረ፤
ዋጋው አንድ ነበር ለሰውም ለከብት፣
ሁለት ዩዋን ብቻ፤ በነጻ ነው ለሙት።
እኔንም በዚያችው ታንኳ ነው ያስተማረኝ፦
"እግርሽ ይርጠብ" እያለ፣ "ደብተርሽ ብቻ ይድረቅ"፣
የባዳውን ቋንቋ ለቃቅሜ እስክራቀቅ።

ኋላ ድልድዩ መጣ።
መጀመሪያ ቀይ የተቀባ ችካል፣ ከዚያ ባለ መነጽር፣
ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ የተራራው ሆድ ሲቆፈር፤
የአክስቴ የዣኦሜይ ሳህኖች መደርደሪያው ላይ ሲንቀጠቀጡ፣
ዶሮዎቿም እንቁላል መጣል እምቢ ብለው ሲቀመጡ።
ካሳ ተከፈላት። በካሳው ማቀዝቀዣ ገዛች፣
ከከተማ በመጣ እንቁላል ሞላች።

በሦስተኛው ዓመት ሁለቱ ክንዶች ደመና ላይ ተያያዙ፤
ከላይ መኪናው እንደ ሩዝ ፍሬ፣ ከታች አባቴ ከነወንዙ።
የግማሽ ቀን ቁልቁለት፣ የግማሽ ቀን ዳገት
የደቂቃ መንገድ ሆነ፤ አንድ ዘፈን አያልቅበት።

መዋሸት አልወድም፤ የዣኦሜይ ምራት በሌሊት ምጥ ሲይዛት
በላይ ነው የደረሰችው፤ በታች ቢሆን ወንዙ በወሰዳት።
አባቴም ያውቀዋል። ሕፃኑን አቅፎ ስሙን ሲጠይቅ
"ድልድይ" አሉት፤ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልሄደም ሩቅ።

ከዚያ እንግዶቹ መጡ፣
ሰማያዊ ቆብ ደፍተው፣ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥለው።
ዳይሬክተር ቴን በመኪናው አፍንጫ ላይ ካርታ ዘርግቶ፦
"ወደቡ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መብራቱም ከግድቡ ገብቶ፤
አምስት ዓመት ግብር የለም፤ መሬቱም ተደልድሏል፤
ውል የፈረመ ሰው በወሩ ማሽኑን ይተክላል።"

አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ሜንግ ሺዩዌ፣ የባለ ታንኳው ልጅ፣
በቀን ስድስት መቶ ዩዋን፣ ምሳ ከነሱ ጋር፣ ዣንጥላ በእጅ።

ሆላንዳዊው ሩርድ፣ የሾህ ፍሬያችንን ጭማቂ ሊያሽግ ያሰበ፣
የድልድዩን አጥር ተደግፎ ቁልቁል አንገቱን ሳበ።
"ያ ምንድን ነው?" አለኝ። "ታንኳ።" "የማን?" ዝም አልኩ ጥቂት።
"የአንድ ሽማግሌ" አልኩት፤ ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኳት።

ካላየሁት ብሎ ወረድን።
አባቴ ቡዪ ይናገራል፤ ቴን ማንዳሪን ይሰማል፤
ሩርድ እንግሊዝኛውን ከኔ አፍ ይጠብቃል።
አባቴ "ወንዙ ዘንድሮ ድምፁ ተለውጧል" ብሎ ሲናገር
ቴን "እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል በያቸው" አለኝ በጆሮዬ ስር።
አልኩ።
ቃል ጭነት ነው፤ ከዳር ዳር በሰላም ቢጓዝም
መሐል ላይ የሚወድቅ አለ፤ ወንዝ ቀረጡን አይተውም።
ለካስ እኔም ባለ ታንኳ ነኝ፤ መቅዘፊያዬ ምላሴ፤
እሱ አንድ ሰው አልጣለም፤ በኔ እጅ ሰጠመ የራሴ።

ሩርድ "ልሻገር" አለ። ጫማውን አወለቀ፤
ቢጫ ካልሲው ታንኳው ውስጥ ባደረ ውሃ ራሰ፤ ሰውየው ሳቀ።
ማዶ ሲደርስ ስልኩን መዘዘ፤ እኔ የለጠፍኩትን ኮድ
ጎርፍ ግማሹን በልቶታል፤ ስልኩም ቢያየው ቢያየው አልወድ፤
ባንኩ ባሕር ማዶ ነው፤ ጥሬ ብር በኪሱ የለው፣
ቴንም ኪሱን ዳበሰ፤ እሱም እንደዚያው ነው።

አባቴ መቅዘፊያውን ተደግፎ ቀና ብሎ የድልድዩን ሆድ አየና
"ግድ የለም" አለ፤ "በመልሱ ይከፍላል።"

አውቶቡሱ ላይኛው መንገድ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤
ሰውየው በመልሱ በየት እንደሚሄድ አባቴ ከኔ ይበልጥ ያውቃል።

ሩርድ ወደኔ ዞረ፦ "ምን አለ?"
ቴንም ወደኔ ዞረ።

አፌን ከፈትኩ።
እውነቱን ነው፤
ወንዙ ድምፁ ተለውጧል።