ሃምሳ ሄርዝ

ኩልና ላይ ዝናብ፤ የቤተ ሙከራው ቆርቆሮ ጩኸት።
መህዛቢን ቁጭ ብላ ሦስት ሽቦ አስረንባት፦
ሁለቱ በእጆቿ፣ አንዱ በቁርጭምጭሚት።
«አትነቃነቂ፣ ደግሞም አትሳቂ» ስላት ባሰባት፤
ሳቋ ስክሪኑ ላይ ዳገት ሆኖ ወጣ፣
ከዳገቱም በላይ ሌላ ጉድ መጣ፦
ጥቅጥቅ ያለ ጥርስ፣ የመጋዝ ስለት፣
በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ፣ የማያውቅ ዕረፍት።

የመብራቱ ነው።
በግድግዳው ሆድ በሽቦ ሲሮጥ
ገላዋን አገኘው፣ ገባ ሳያንኳኳ፤
ልቧ አንዲት ቃል ሲል፣ ሃምሳ ይላል ለካ።

ዶክተር አኒሱዝማን መነጽሩን አወለቀ፣
በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣
«አስወግዱት» አለና ጃንጥላውን ይዞ ራቀ።

ክብ ሣልን።
ከጠርዙ ላይ ዜሮ፣ ከዜሮው ኋላ ዋልታ።
ዋልታ አለን፣ ማገር የለን፤ ቤቱ በቁጥር ይቆማል።
«ዋልታው ከክቡ ከወጣ ያብዳል» ይላል መጽሐፉ፤
አላመንኩም፣ አወጣሁት፤
አበደ። ቁጥሮቹ ገነፈሉ፣ ከስክሪኑ ጎረፉ።
መለስኩት።
ወደ ጠርዙ አስጠጋሁት፣ ፀጉር እስኪያህል ክፍተቱ፤
ጥርሱ ሟሟ፤ ደስ አለን፤
ግን ከያንዳንዱ ምት ኋላ፣ ወለል ላይ እንደ ወደቀ ሳህን፣
ቀጭን ንዝረት ቀረ፣ ቶሎ የማይሞት።
«ይሄ ደግሞ የኔ ነው?» አለች መህዛቢን አተኩራ።
«የኔ ነው» አልኩ። አፈርኩ።
ልቧን ላጠራ ብዬ
ያላለውን አስባልኩት።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ድንገት ሆነ ጨለማ።
ማራገቢያው ተንፍሶ ቆመ፤ ከተማሪው ማደሪያ ኡኡታ ተሰማ።
ላፕቶፑ ብቻ በባትሪው ነቅቶ
የልቧን መስመር ያሳያል፣ ጠርቶ።
ፊልተሩን አጠፋሁት። ያው ነው፦
ትንሽ ጉብታ፣ ሹል ጫፍ፣ ሰፋ ያለ ኮረብታ፣
ያለ ዜሮ፣ ያለ ዋልታ።
ሳምንት ሙሉ የለፋንበትን
የከተማው መብራት መጥፋት ባንድ አፍታ ሠራው።
ሁለታችንም ዝም።
ዝናቡ ጣሪያው ላይ። እንሽላሊቷ ግድግዳው ላይ፣ ቲክ፣ ቲክ።
ልቧ በራሱ ሰዓት።

«አሁን ልሳቅ?» አለች ከጨለማው ውስጥ።

ሳቀች።
ዳገቱ ወጣ። እሱን አልነካሁትም።

ኋላ መብራት መጣ፤ ማደሪያው በሙሉ አጨበጨበ፤
ጥርሱም ተመለሰ፣ ሃምሳው በሃምሳ።
ወንበሬን አስጠጋሁ፤
ዋልታውን በአንዲት ነጥብ
ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩት።