ጃንጥላው

የኛ የምርጫ ክልል፣ ኮሮጆው ሳይከፈት
ውጤቱ ይወራል በጠጅ ቤት፣ በሻይ ቤት።
ካዛንቺስ፣ ከቶታል ቁልቁል፣ ከቆርቆሮው ሰፈር፣
ዕጩው ተኝቶ ያሸንፋል፤ ቆሞ የሚያድረው መንደር።

እኔ አስፈጻሚ ነበርኩ። ሥራዬ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት፤
የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ቀበሌው ጠራኝ ለቆጠራው ሌሊት።
መጀመሪያ የቆጠርኩ ዕለት፣ ጸጉሬ ገና ጥቁር፣
ዘጠኝ መቶ አርባ ለመሰላሉ። ለጃንጥላው አንድ። አንድ ብቻ በቁጥር።
ሊቀ መንበሩ አቶ ሽብሩ ወረቀቷን በባትሪ አየና፣
«ይሄ ስህተት ነው፤ እጁ ስቶት ነው» አለና
ከተበላሸው ጋር ጨመራት።
ፈረምኩ። ሊነጋ ነው፤ ደግሞም አንዲት ናት።
በነጋታው «መቶ በመቶ» ተብሎ በሩ ላይ ተለጠፈ፤
ጽሑፉ የኔ ነበር፤ ቆንጆ ጽሑፍ። ሰው ሁሉ አንብቦ አለፈ።

በሚቀጥለው ምርጫ ጃንጥላ የሚባል ምልክት አልነበረም።
ኮሮጆው ሲገለበጥ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አልዋሽም፣
አንድ ወረቀት ላይ፣ ከዕጩዎቹ ግርጌ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ
ጃንጥላ ተስሏል፤ እጀታው መንጠቆ፣ ጅማቱ ሁሉ በሥርዓት ተዘርግቶ።

ማን ነው? ተባለ። ሰፈሩ ጣቱን የቀሰረው
ጋሽ በዳሳ ላይ ነበር፤ ጃንጥላ ጠጋኙ እሱ ነው።
«እኔ?» አለ፣ ሽቦውን በጥርሱ እንደያዘ። «የኔ ልጅ፣ ሱቅ አለኝ፤
መሰላሉን ነው የመረጥኩ። አለዚያ ፈቃዴን ማን ያድስልኝ?»
«ከማያውቁት መልአክ...» ትላለች እትዬ ዘርፈሽዋል፤
ተረቱን ሳትጨርስ ትስቃለች። እሷም ትጠረጠራለች፤ ማን ያውቃል።
ጋሽ በዳሳ ሞተ፣ ዮሴፍ ተቀበረ።
በአምስተኛው ዓመት ኮሮጆው ውስጥ ጃንጥላው ነበረ።

ያ ሰልፉ የረዘመበት፣ ሰው ዳቦ ቋጥሮ የወጣበት ዓመት
መሰላሉ ወደቀ። እስኪነጋ ቆጠርን፤ ጣቴ ሆነ እንደ እንጨት።
ክልላችን እንደ ኪስ ተገለበጠ። አንድ ታዛቢ ቆሞ አለቀሰ።
ከዚያ ሁሉ ክምር ሥር ግን ያው ጃንጥላ፤ መስመሩ ሳስቶ፣ እጀታው ላይ ቀለሙ የፈሰሰ።
ለአዲሶቹም አልታጠፈም።

ከዚያ መሰላሉ ተመለሰ። ኋላም ስም ቀየረ፣ ቀለም ተቀባ።
ቆጠራው ከራት በፊት ያልቃል፤ ቤቴ በጊዜ ስገባ
ማንያህልሻል «ማን አሸነፈ?» አትለኝም። «ጃንጥላው አለ?» ትላለች።
«አለ» እላታለሁ። ወጥ ታወጣለች።

አንድ ማለዳ በየግድግዳው ቀይ ኤክስ ተቀብቶ አገኘን።
ምልክቱን እናውቀዋለን፤ አሁን ግን ሌላ ሰው ነው የመረጠን።
ግማሹ ገላን፣ ግማሹ አራብሳ፣ ፍራሹን ጭኖ ወረደ፤
ስም በሲኖትራክ አይጫንም፤ መዝገቡ ቀረ፣ ሰው ሄደ።

ለመጨረሻው ቆጠራ ስልሳ አንድ መራጭ። በሦስት ታክሲ መጣሁ እኔም።
ስልሳ አንዱም ለአንዱ። ንጹሕ። የተበላሸ የለም።
ኮሮጆውን ገለበጥኩት። ነቀነቅኩት። ጥግ ጥጉን ዳበስኩ።
ወጣቷ ታዛቢ «ምን ጠፋብዎ?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ።
ፈረምኩ።

ስወጣ ይዘንባል። መንገዱ ሰፊ፣ ሣሩ የተላጨ፣ መብራቱ የሠርግ ቤት።
ድሮ ቢሆን ከዘርፈሽዋል ሱቅ ጠርዝ ሥር እንጠጋ ነበር፣ ሃያ ሰው፣ በአንድ ክንድ ስፋት።
አሁን ጠርዝ የለም። ዝናቡ ራስ አይመርጥም። የገላን ታክሲ ዘገየ።
ኪሴን ስዳብስ እስክሪብቶዬ ወጣች፤ ሰማያዊ ናት። ማን አየ?