ደህና የነበረበት ሰዓት

ስሙን አልጠየቀችኝ፣ አገሩንም አላለች፣
ሐኪሟ ከአልጋው ጋር እየሮጠች፣
«ደህና ሆኖ ያየሽው መጨረሻ
በስንት ሰዓት ነበር?» አለች።

ሬዲዮው ነበር የነገረኝ፤
«ሁለት ሰዓት» ብሎ ዜናውን ሲጀምር፣
አበጀ ዘጌ ዳር ተቀምጦ ደንገሉን ሲጠፍር፣
የታንኳዋን ወገብ ጠበቅ አርጎ ሊያስር፣
ገመዱ ከቀኝ እጁ ሾልኮ ወደቀ።
አነሳው።
ደግሞ ወደቀ።

ሳቅሁበት። እግዜር ይይልኝ፣ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።
ቀና ሲል አየሁት፦ አፉ ዞሯል ወደ ግራ፣
ሊጠራኝ ፈልጎ ስሜን ሳይጠራ
ቃሉ ጭቃ ሆኖ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ምች ነው» አሉ ጎረቤት። ዳማከሴ ታሸ፣
ግንባሩ ተቀባ፣ አንገቱ ታበሰ፣
«ይተኛ፣ ላብ ያውጣው» ስንል ፀሐዩ ገሰገሰ።

የአጥናፉ ሞተር ጀልባ ቆማለች፣ ሆዷ ባዶ።
ቤንዚን በሃይላንድ ከየቤቱ ስንለቅም፣
ካንዱ ግማሽ ሊትር፣ ካንዱ ቤት ምንም።

ጣና ያን ቀን ረግቷል፤ ሞገድ የለው፣ ነፋስ የለው፣
«ተመስገን፣ ረጋልን» ብዬ ነበር ሳየው።
ኋላ ነው የሰማሁት፣ ሌላም የረጋ እንዳለ፦
በራሱ ውስጥ፣ ከጆሮው በላይ፣
አንዲት ጠብታ ደም መንገድ ዘግታ።

ባሕር ዳር ስንደርስ አምቡላንሷ የለችም፣
ወላድ ይዛ ሄዳለች፤ ማንን እንርገም?
ባጃጅ ያዝን፣ እግሩ በበሩ ወጥቶ፣
ዘንባባው ሁሉ ወደ ኋላ ሲሮጥ።
የመጀመሪያው ክሊኒክ፣ «ራስ የሚያነሳው ማሽን እዚህ የለም።»
እንደገና ባጃጅ።

«ሁለት ሰዓት» አልኋት።
ግድግዳውን አየች፤ አምስት ተኩል ይላል።
ጣቶቿን አጠፈች፣ ከንፈሯ ቆጠረ፣
«አላለፈም!» ብላ በረረች ወደ ውስጥ።
እንዲያ የሮጠ ሰው በሰርግም አላየሁ።

አበጀ ዛሬ አለ። ቀኙ ሰንፏል እንጂ፣
ጫፉን እኔ ስይዝ በግራው ያስራል፤
ውድነሽ ማለት አቅቶት «ውነሽ» ይለኛል፤
ይሁን፣ ለመድሁት።

ሦስት ዶሮ ሸጬ የግድግዳ ሰዓት ገዛሁ፣
ወደቡ አጠገብ ከዋንዛው ሰቀልሁ።
ሴቶቹን ሳገኝ የምለው ይህን ነው፦
አፍ ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ቃል ሲኮላተፍ፣
ዳማከሴውን ተዉት፣
ቀና ብላችሁ ሰዓቱን እዩት፣
ከዚያ ወደ እኔ ሩጡ።

ጓዳዬ ውስጥ፣ ከጎታው ጎን፣
አምስት ሊትር ቤንዚን አለ፣ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ።
ለሰርግ ጠይቀውኛል፣
ለንግሥም ለምነውኛል፣
አጥናፉ ራሱ ሁለቴ ተቆጥቶኛል።
አልሰጥም።
ንፉግ በሉኝ።