ሃያ አራተኛዋ

አንለይ ታንኳውን ከደንገሉ ሥር ሲገፋት፣
ከጭቃው አንገቷን አውጥታ አገኛት።
«እንካ፣ የጠርሙስ ዘመድ!» ብሎ ወረወረልኝ፤
በሁለት እጄ ቀለብኳት፣ ሕፃን የጣለብኝ መሰለኝ።

ሽምብጥ፣ ከቤቴ ደጃፍ፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኳት፣
በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያባበልኩ አሸኋት።
አሸዋ አይነካትም። አሸዋ ቀለም ይበላል፤
አንዲት ብርቱካን ነበረችኝ፣ ፊቷን ፍቄ አጠፋኋት፣
እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀስ በቀስ ሥዕሉ ወጣ፦ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ቀይ፣
አፉን የከፈተ ጉማሬ፣ ከላዩ ግማሽ ፀሐይ።
ወረቀት አይደል የሚላጥ፣ በእሳት የበሰለ ቀለም ነው፤
ቀዩ ከነጩ ትንሽ ዘንበል ብሎ አርፏል፤
ያን ቀን አታሚው ቸኩሏል፣ ወይስ እንቅልፍ ይዞት ነው?

«ጉማሬ ሎሚናት፣ ባሕር ዳር» ይላል።
«ሕ»ው የሐመሩ ነው፤ ጸሐፊው ድቁና የቀመሰ ይመስላል።
ኋላ የወጡት ጠርሙሶች በሃሌታው ነው የተጻፉት፤
ቆራሌው ሦስት አምጥቶልኛል፤ አንዷ ጋዝ ነበረባት፣
አንዷ የኑግ ዘይት፣ አንዷ ጠበል።
ጠበሉን ደጅ መድፋት ፈርቼ፣ ጽጌረዳው ሥር አፈሰስኩት።

ስፌቷን በጥፍሬ ተከተልኩ፣ ከወገቧ ሽቅብ፣ በጎኗ፤
ሳይቋረጥ ከንፈሯ ደረሰ፤ የማሽን ልጅ መሆኗ።
ትከሻና ዳሌዋ ላይ የተፋቀ ነጭ ቀለበት፣
በሣጥን ከእህቶቿ ጋር ስትጋፋ የኖረችበት።
ግን ቀለበቱ ቀጭን ነው፤ ብዙ አልተመላለሰችም፤
ሦስቴ አራቴ ተሞልታ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም።

ገለበጥኳት። ቂጧ ላይ፣ በሁለት አኃዝ፣ ስድሳ አራት።
የማን ስድሳ አራት?
የእኛ ከሆነ የእኛ ነው። የፈረንጅ ከሆነ ግን
ሃምሳ ስድስት ልትሆን ነው።
ቅርጹ ከውጭ የመጣ እንደሆን፣ ቁጥሩም አብሮት ይመጣል፤
ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጠርሙስ ቂጥ ሥር ተኝቷል።
ስምንት ዓመት! ልጅ ተወልዶ ፊደል ይቆጥርበታል።

ለእትዬ ይታይሽ ወስጄ አሳየኋቸው፤
ድሮ ከወደቡ አጥር ጥግ ለስላሳ ሻጭ የነበሩ ናቸው።
መነጽር አላደረጉም። ቁጥሩንም አላዩት፤
አውራ ጣታቸው የተሸረፈው ከንፈሯ ላይ ሄደ፣ እዚያው አቆዩት።
«በጥርሱ ነው የከፈታት» አሉ። «መክፈቻ እያለኝ፣ በጥርሱ!
የፋብሪካ ልጅ ነበር፣ የጥጥ ብናኝ የማይለየው ልብሱ።
‹ውሃው ላይ ልጠጣና ልመልስ› ብሎ ወሰዳት፤
ሣጥኑ ሃያ አራት ነው፤ ማታ ብቆጥር ሃያ ሦስት።
ስሙኒ ከደመወዜ ተቆረጠ።»
ዝም አሉ።
«ውስጧ... ምንም አልነበረም?»
«ጭቃ ብቻ» አልኳቸው።

«የትኛው ስድሳ አራት ነው?» ብዬ ደግሜ ጠየቅኩ።
«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ጉድለቱን እንጂ ዓመቱን አልቆጠርኩ።
ሐይቁ መንገዱን የነካ ጊዜ ነው፤ ጽጌ ሳይመጣ።»
ከአልጋው ሥር ቆርቆሮ ተጎተተ፣ ከውስጡ አንድ ሳንቲም ወጣ፣
ጠርዟ እንደ አበባ የተከረከመ፣ የንጉሡ ዘመን ስሙኒ።
«ማስያዣህን ውሰድ» አሉ፣ «ጠርሙሴን ተውልኝ ለእኔ።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ፣ እንደ ጉማሬው።
ዘጋሁት።

ማታ ስሙኒዋን በመብራት አየሁ፤ 1936 ትላለች፤
ስንት ዘመን ስትቀረጽ ኖራ ይህችኑ አንድ ዓመት ታወራለች።
እንግዲህ ማንን ልመን?

መደርደሪያዬ ላይ ክፍት ቦታ አለ፣ ስሙኒ የተኛችበት፤
ካርዷን እንዲህ ብዬ ሞላሁላት፦
ጉማሬ ሎሚናት። ነጭ በቀይ። በሐመሩ ሕ።
ከንፈሯ የተሸረፈ፣ በጥርስ።
ዘመን፦ ከሁለቱ ስድሳ አራቶች በአንዱ፣ ሐይቁ መንገዱን በነካ ጊዜ።
ሁኔታ፦ ተመልሳለች።